ግሉኮስ ምግብ አይደለም

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አስታማሚን «አጥሚት አዘጋጁ» ባልኩ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል፦ «ሲስተር፣ ግሉኮስ ተሰቅሎለት የለም እንዴ?» የተማረውም ያልተማረውም ይህንኑ ይላል። መስማቱ ስለሰለቸኝ ሂሳቡን ላስቀምጠው።

አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሕመምተኛ የሕመሙ ጡዘት ሲያልፍ በቀን 1500 ካሎሪ ገደማና ወደ 78 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። በግሉኮሱ ውስጥ ፕሮቲን የለም፤ አንዲት ግራምም። ኖርማል ሳላይን የምንለውማ ጨውና ውኃ ብቻ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ የተሟላ ምግብ አለ፤ እሱ ግን ሌላ ነው፣ ውድ ነው፣ አገራችን ውስጥም እንደ ልብ አይገኝም።

በጽኑ የታመመ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት የጽኑ ሕሙማንን ጭን በአልትራሳውንድ ሲለካ፣ የጭናቸው ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ሳስቶ ተገኝቷል። ምግብ ብቻውን ይህን አያስቆምም፤ ረሃብ ሲጨመርበት ግን ይብሳል።

በጉልበት ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አንድ አባት ነበረን። ልጆቹ ግሉኮሱን እያዩ ተረጋግተው አጥሚቱ የመጣው ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው። ኢንፌክሽኑ ለቀቀው፣ ሳንባው ጸዳ፤ ከመተንፈሻ መሣሪያው ልናላቅቀው ስንል ግን አቃተው። ለመተንፈስም ጡንቻ ያስፈልጋላ! ኋላ ሲነቃ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ከእጁ ወደቀ። ተኝቶ መክረሙም ሕመሙም ድርሻ አላቸው፤ ረሃቡን ግን ማስቀረት ይቻል ነበር።

«ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል» የሚሉም አሉ። ስብ ስላለ ጡንቻ አይነካም ማለት አይደለም። ፊቱና እግሩ ቢያብጥም ውኃ ነው፤ ሥጋ አላወጣም።

«በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ከገባ አበቃለት»፦ ፈጽሞ ስሕተት። የደም ግፊቱ ከተረጋጋ፣ ሕመምተኛው ክፍላችን በገባ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የተለመደ ሕክምና ነው።

«ጾም ነው፣ ወተት አይገባም»፦ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። ልባችሁ ካላረፈ የንስሐ አባታችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ እስከዚያው የአኩሪ አተር ወተት አምጡ።

ሌሎች ደግሞ ዞር ስንል በድብቅ ያጎርሳሉ። ራሱን ላልሳተውም ቢሆን ሳትጠይቁን አታጉርሱ፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ጠብታ ወተትም ጸበልም በአፉ አይግባ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ጸበሉን ግንባሩን ቀቡት። ለቀናት ምግብ ያልቀመሰም በአንዴ እስኪጠግብ አይሰጠውም፤ ፎስፌትና ፖታሲየም የሚባሉት የደሙ ማዕድናት ድንገት ወርደው ልቡን ሊያውኩት ስለሚችሉ በጥቂቱ ጀምረን ነው የምንጨምረው።

ውኃ የመሰለ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጡንቻ አይጠብቅም። ኩላሊት ወይም ስኳር ከሌለበት፣ መጠኑን ከእኛ ጠይቃችሁ ወተት፣ በደንብ የበሰለና የላመ እንቁላል፣ ትንሽ ዘይት ጨምሩበት። ቱቦውን እንዳይደፍን በወንፊት አጥልሉት። ስንሰጠው ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ ትራሱን አታውርዱበት። «እንዳይደክም አትንኩት» የሚላችሁን ዘመድም አትስሙ፤ እጅና እግሩን እንዴት እንደምታንቀሳቅሱለት ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳያችሁ፤ ጠዋትና ማታ ሥሩለት።