ከባድ ብረት ሲመጣ፦ ሴሎችና የጀርባ አጥንት የሌላቸው የባሕር እንስሳት

ከባድ ብረት (እንደ ካድሚየም፣ መዳብና ዚንክ ያለ ብረት ነክ ንጥረ ነገር) ክፉ የሚሆነው ስለማይፈርስ ነው። ብዙ ኦርጋኒክ መርዞችን የሴል ኢንዛይሞች ቆራርጠው ያጠፏቸዋል። ካድሚየም ግን ምንም ቢደረግ ያው ካድሚየም ነው። ስለዚህ ሴሉ ወይ እንዳይገባ ይከለክለዋል፣ ወይ መልሶ ያስወጣዋል፣ ወይ አስሮ ያስቀምጠዋል።

በሩን ጨርሶ መዝጋት አይቻልም። መዳብና ዚንክ ለሕይወት የግድ ያስፈልጋሉ። የሸርጣን ደም እንኳ ኦክስጅን የሚሸከመው መዳብ ባለው ሄሞሲያኒን በተባለ ፕሮቲን ነው። ካድሚየም ደግሞ ለካልሲየምና ለዚንክ በተሠሩት መተላለፊያዎች ሹልክ ብሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ሰልፈር ያላቸውን ፕሮቲኖች ይይዛል፣ ዚንክንም ከቦታው ያፈናቅላል። መዳብ ሲበዛ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ የሴል ሽፋንንና ዲኤንኤን የሚያበላሹ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል።

መጀመሪያ የሚደርሰው ግሉታታዮን የተባለው ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ብረቱን ይይዛል፣ ጎጂውን ኦክስጅንም ያከሽፋል። ዋናው ተከላካይ ግን ሜታሎታዮኒን ነው። ይህን ፕሮቲን በ1957 እ.ኤ.አ. ማርቪን ማርጎሽስና በርት ቫሊ ከፈረስ ኩላሊት አገኙት። በአጥቢ እንስሳት ውስጥ ከአሚኖ አሲዶቹ ሲሦ ያህሉ ሰልፈር ያለው ሲስቴይን ነው፤ አንዱ ሞለኪውል እስከ 7 የዚንክ ወይም የካድሚየም አቶሞች ያስራል። ደስ የሚለው አሠራሩ ነው። ካድሚየም ያፈናቀለው ዚንክ ራሱ የማንቂያ ደወል ይሆናል። አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ይህን ትርፍ ዚንክ ያነባል፤ ከዚያ የሜታሎታዮኒን ጂን ሥራ ይጀምራል።

ወደ ባሕር ስንሄድ ዘዴው ይበዛል። ሙሰል (ሁለት ክፍል ቅርፊት ያላት የባሕር እንስሳ) ውሃው ውስጥ መዳብ ሲበዛ ቅርፊቷን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ግን ምግቧን የምታገኘው ውሃ በማጣራት ስለሆነ ለዘላለም ዘግታ አትቀመጥም። የገባውን ብረት በምግብ መፍጫ እጢዋና በኩላሊቷ ታከማቻለች። ባርናክል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የሸርጣን ዘመድ) ዚንክን ከፎስፌት ጋር አጣብቆ ወደ ጥቃቅን እንክብሎች ይለውጠዋል። ኦይስተር (እንደ ሙሰል ባለ ሁለት ክፍል ቅርፊት ናት) ደግሞ መዳብ ሲበዛባት ሥጋዋ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ትሸከማለች። (አረንጓዴ ኦይስተር ሁሉ መዳብ የበላች ናት ማለት አይደለም፤ አንዳንዷን የሚያቀልማት አልጌ ነው።)

በእንግሊዝ ኮርንዎል የሚገኘው ሬስትሮንጌት ክሪክ ከጥንት የማዕድን ቁፋሮ የመጣ መዳብ ሞልቶበታል። እዚያ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት የባሕር ትሎች ንጹሕ ቦታ ካሉት ዘመዶቻቸው ይልቅ መዳብን ይችሉታል። ሽሎችና እጮች ግን ይህን ያህል አይችሉም። የባሕር ኧርቺን (እሾሃማ ክብ እንስሳ) እና የሙሰል ሽሎች አዋቂዎቹን በማይገድል የመዳብ መጠን አካላቸው ተዛብቶ ያድጋል። ለዚህም ነው ለውሃ ጥራት ምርመራ የሚመረጡት።

መከላከል ወጪ አለው። ፕሮቲን ለመሥራትና ብረት ለማስወጣት የሚውለው ጉልበት ከእድገትና ከመራባት ይቀነሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንስሳው ራሱን ቢያድንም በላተኛው አልዳነም። ከሟሟ ፕሮቲን ጋር የታሰረ ብረት በበላተኛው ሆድ ውስጥ በቀላሉ ይፈታል። በጠንካራ የፎስፌት እንክብል የታሸገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈታ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስለዚህ አንድን እንስሳ መርምሮ ይህን ያህል ዚንክ አለበት ማለት ብቻ ብዙም አይነግረንም፤ በምን መልክ እንዳስቀመጠው መታወቅ አለበት።