ኮሜዲ ትሪለር ምንድን ነው?

ታናሽ እህቴ አንድ ተከታታይ ፊልም «ሳቅ በሳቅ ነው፣ ጀምረው» ብላ ነው የጠቆመችኝ። መጀመሪያ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። አንድ ወጣት ሰላይ በስታንስቴድ አየር ማረፊያ ቦምብ ይዟል የተባለ ሰው ያሳድዳል። ሕዝቡን እየገፋ ይሮጣል። ደርሶበት ሲይዘው ሰውዬው የሚፈለገው አይደለም። ስለ ልብሱ የተነገረው ምልክት ተገላብጧል፤ የሸሚዙ ቀለም ለቲሸርቱ፣ የቲሸርቱ ለሸሚዙ ሆኗል። ትክክለኛው ሰው አመለጠ። ደግነቱ ነገሩ የሥልጠና ልምምድ ነበር። ልጁ ግን ወደቀ።

ከጊዜ በኋላ ያው ልጅ ባረጀ ቢሮ ውስጥ የአንድ ጋዜጠኛን የቆሻሻ ከረጢት ዘርግፎ ሲበረብር እናየዋለን። ሥራው ይኸው ሆኗል። ፊቱን ሳየው ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ።

ተከታታይ ፊልሙ «ስሎው ሆርስስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአፕል ቲቪ ፕላስ የጀመረ የእንግሊዞች ሥራ ነው። ዘውጉን ሲጠሩት «ኮሜዲ ትሪለር» ይሉታል። ትሪለር የሚለውን በአማርኛ «ልብ አንጠልጣይ» እንለዋለን፣ ጥሩ ስም ነው። ኮሜዲንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱ ሲጣመሩ ምን እንደሚሆኑ ግን ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። «ትንሽ ቀልድ የተጨመረበት የወንጀል ፊልም» ይላሉ። እንደ በርበሬ ጣል የሚደረግ ነገር አስመስለውት።

እንደዚያ አይደለም። ሚስተር ቢንን አስቡት። ያው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን በ2003 በወጣው «ጆኒ ኢንግሊሽ» ላይ ሰላይ ሆኖ ይሠራል። ያስቃል። ግን አንድም ደቂቃ «ይሞት ይሆን?» ብለን አንሰጋም። እንደማይሞት እናውቃለና። ያ ፊልም በሰላይ ፊልሞች ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። ኮሜዲ ትሪለር ውስጥ ግን ሰው የምሩን ይሞታል። ጥይቱ እውነተኛ ነው። ቀልዱ ደግሞ ጥይቱን አያለሰልሰውም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ሳቁና ፍርሃቱ የሚመነጩት ከአንድ ነገር ሲሆን ኮሜዲ ትሪለር ይሆናል። ያሳቀን የሰው ድክመት ራሱ ነው ሰው የሚያስገድለው።

እንግሊዞች ይህን ከጀመሩት ቆይተዋል። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1938 በሠራው «ዘ ሌዲ ቫኒሽስ» ላይ አንዲት አሮጊት ከሚሄድ ባቡር ውስጥ ትጠፋለች። ባቡሩ ላይ ሁለት የክሪኬት ጨዋታ ያበዳቸው እንግሊዛውያን አሉ። ጭንቀታቸው ጨዋታው ሳያልቅ አገራቸው መድረስ ነው። አሮጊቷን አይተዋታል። ግን «አይተናል» ካሉ ባቡሩ ሊዘገይ ነው። ስለዚህ «አላየንም» አሉ። እኛ በክሪኬት ፍቅራቸው እየሳቅን ሳለ፣ አሮጊቷን የምትፈልገው ወጣት ሴት እንደ እብድ ልትቆጠር ደረሰች። ያሳቀን ነገር ነው አደጋውን ያባባሰው።

«ስሎው ሆርስስ» ይህን ወደ ቢሮ አመጣው። ስሙን ልፍታው። የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ስለላ ድርጅት ኤም አይ ፋይቭ ነው። በታሪኩ ውስጥ፣ የተሳሳቱ ሠራተኞቹን ከማባረር ይልቅ ስላው ሃውስ ወደሚባል የተረሳ ሕንጻ ይልካቸዋል። ስላው ከለንደን በስተ ምዕራብ ያለች ከተማ ናት። ሕንጻው ያለው እዚያው ለንደን መሀል ነው፤ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ክብር ከመራቁ የተነሳ ስላው ያለ ያህል ነው ተብሎ ስሙ ወጣለት። «ስላው ሃውስ» ቶሎ ሲሉት «ስሎው ሆርስ» ይመስላል፣ ዘገምተኛ ፈረስ። ሠራተኞቹም በዚያው መጠሪያ ቀሩ። በእኛ አነጋገር ወንበር አስታቅፈው ያስቀመጧቸው ሰዎች ናቸው። ሰልችቷቸው ራሳቸው እንዲለቁ ነው የሚጠበቀው።

አንዱ ምስጢራዊ ዲስክ ባቡር ላይ ረስቶ የወረደ ነው። ጸሐፊዋ ከመጠጥ ሱስ ጋር ስትታገል የኖረች ሴት ናት። ያ በአየር ማረፊያው የወደቀው ልጅ፣ ሪቨር ካርትራይት፣ አያቱ የድርጅቱ ትልቅ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ይባረር ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲሳሳቱ እንስቃለን። ሁለተኛው ስህተታቸው ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። አንዳንዴም ያስከፍላል። የለመድናቸው ሰዎች ይሞታሉ፣ ሞታቸውም በቀልድ አይታለፍም። ባዶ የቀረ ጠረጴዛ ያሳዩናል።

አለቃቸው ጃክሰን ላም ነው። ጋሪ ኦልድማን ነው የሚጫወተው። ካልሲው የተቀደደ፣ ጸጉሩ ቅባት የጠጣ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ የሚተኛ፣ ሰው ፊት ፈሱን የሚለቅ። ሠራተኞቹን ቀኑን ሙሉ ሲሰድብ ይውላል። ኦልድማን በ2011 «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» ላይ ጆርጅ ስማይሊን ሆኖ ሠርቷል። ስማይሊ ጸጥ ያለ፣ ሱፉ የማይዛነፍ ሰላይ ነበር። ያን ላየ ሰው ላም ልብ የሚነካ ነው። አንድ ዓይነት አእምሮ፣ ግን ራሱን የጣለ።

ስለ ላም ትንሽ ልቆይ፣ የፊልሙ ጥበብ ያለው እሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻነቱ ለሳቅ ብቻ ይመስላል። ቀስ እያልን ስናየው ግን መሣሪያ ሆኖ እናገኘዋለን። እንደሱ ያለውን ሰው ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ያልቆጠሩት ሰው ፊት ደግሞ ብዙ ያወራሉ። ሠራተኞቹን እሱ ይስደባቸው እንጂ ሌላ ሰው ከነካቸው ከዚያ ወንበር ይነሳል። ሲነሳ ድምፁ እንኳ ይለወጣል። የሳቅንበት ሰውዬ በአንዴ አስፈሪ ይሆናል። ምንም የተቀየረ ነገር ግን የለም፣ ካልሲው አሁንም ቀዳዳ ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መስታወት፣ ንጹህ ኮት፣ ቁጥብ ንግግር። ክሪስቲን ስኮት ቶማስ የምትጫወታት ዳያና ታቨርነር እዚያ ናት። የመጀመሪያው ሲዝን አደጋ ከየት እንደተነሳ አልነግራችሁም። ከቢሮ ፖለቲካ ግን ሩቅ አይደለም። ሥልጣን ፈላጊነት፣ ጥፋትን ሌላ ላይ ማላከክ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ማሳጣት። ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ነው ስለላ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያዝበት።

ታሪኩ የተወሰደው ከሚክ ሄሮን መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው የወጣው በ2010 ነው። ሄሮን ሰላይ አልነበረም፤ ከኦክስፎርድ ለንደን እየተመላለሰ በአርታኢነት የሚሠራ የቢሮ ሰው ነበር። ያስታውቃል። ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው ዊል ስሚዝ ነው፤ በጥፊው የምናውቀው አሜሪካዊው ተዋናይ ሳይሆን እንግሊዛዊ የኮሜዲ ጸሐፊ። በ2024 በድራማ ጽሑፍ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝቶበታል። ልብ በሉ፣ ኮሜዲ ጸሐፊው የተሸለመው በድራማ ዘርፍ ነው።

ማየት ለሚፈልግ፦ ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሩ፤ እያንዳንዱ ሲዝን ስድስት ክፍል ብቻ ነው። የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱት፣ የላም ስድብ ፈጣን ስለሆነ ያመልጣል። እዚያ ሲዝን ላይ ዘረኞች አንድ ተማሪ ያግታሉ፤ አንገቱን ስንቆርጥ በኢንተርኔት ላይ በቀጥታ እናሳያለን ብለው ይዝታሉ። የልጁ ሕልም ኮሜዲያን መሆን ነው። ሰዎች ፊት ቆሞ ማሳቅ ገና እየተለማመደ ነበር። አሁን ፊቱ ያሉት የሚያዳምጡት ሰዎች አጋቾቹ ብቻ ናቸው።