ፓስካል ምንድን ነው? ሮቦት መጥረጊያ ስትመርጡ የሚያሳስታችሁ ቁጥር

«ከ10,000 ፓስካል በታች የሆነ ሮቦት አትግዙ፤ ገንዘብ መጣል ነው።» ይህችን ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኳት። ምክሩን የሰጠው ሰው በጣም እርግጠኛ ነው። በአንድ ቁጥር ብቻ ደካማውን ከጠንካራው ለይቶ ጨርሷል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ከአየር ማራገቢያና ከአየር መስመር ጋር ነው። ፓስካል እንዲህ ሲጠራ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሮቦቱ ራሱ ምን እንደሆነ አልተርክላችሁም። ብቻውን ይዞራል፣ አቧራ ይስባል፣ ብዙዎቹ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ይወለውላሉ። ይህን ታውቁታላችሁ። ወደ ቁጥሩ እንሂድ።

ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው። የአንድ ኒውተን ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ፓስካል ይባላል። ስያሜው በ17ኛው መቶ ዘመን ለኖረው ፈረንሳዊ ብሌዝ ፓስካል መታሰቢያ ነው፤ በይፋ የጸደቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። መለኪያው በጣም ትንሽ ነው። በባሕር ወለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101,325 ፓስካል ይደርሳል። «5,000 ፓስካል» የተባለው ሮቦት እንግዲህ ከዚያ 5 በመቶ ያህሉን ነው የሚቀንሰው። በኪሎፓስካል ቢጻፍ ሳጥኑ ላይ 5 የሚል ቁጥር ይታተም ነበር። ለ5 ማን ይደነግጣል?

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ያ ቁጥር እንዴት ነው የሚለካው? አየር የሚገባበት አፍ ሙሉ በሙሉ ይደፈናል። የግፊት መለኪያ ይገጠምበታል። ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሽከረከራል። የተነበበው ቁጥር ሳጥኑ ላይ ይወጣል። ልብ በሉ፤ አፉ ተደፍኗል። አየር አይገባም። አየር ካልገባ አቧራ አይገባም። ማለትም የምትከፍሉበት ቁጥር የተለካው ሮቦቱ አንዲት ብናኝ ማንሳት በማይችልበት ሁኔታ ላይ ነው።

በስትሮ ጭማቂ ስትጠጡ አስቡት። የስትሮውን ጫፍ በጣታችሁ ድፈኑና ሳቡ። ጉንጫችሁ ይሰረጉዳል፤ ስትሮው ይጣበቃል። ትልቁ ግፊት ያኔ ነው። አፋችሁ የገባው ጭማቂስ? ምንም። ጣታችሁን ስታነሱ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ጭማቂው ግን መምጣት ይጀምራል። መጠጣት ማለት ይሄ ነው፤ ግፊትና ፍሰት አብረው ሲኖሩ።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንዱ ግፊት፣ ሌላው የአየር ፍሰት፤ በሴኮንድ ስንት ሊትር አየር እንደሚያልፍ። ሁለቱ ሲባዙ የአየር ዋት ይወጣል። አቧራ ተሸክሞ የሚሄደው ጉልበት እሱ ነው። አፉ ሲደፈን ፍሰቱ ዜሮ ስለሆነ የአየር ዋቱም ዜሮ ነው። አፉ ወለል ብሎ ሲከፈት ደግሞ ግፊቱ ይጠፋና እንደገና ዜሮ። ጥሩው ሥራ የሚሠራው መሀል ላይ ነው።

ለማሳያ ብቻ ሁለት ሮቦት ልፍጠር። የመጀመሪያው 8,000 ፓስካል አለው፤ አፉ ክፍት ሲሆን በሴኮንድ 6 ሊትር ያሳልፋል። ሁለተኛው 5,000 ፓስካል ብቻ ነው፤ ግን 12 ሊትር ያሳልፋል። ግፊቱ ከፍሰቱ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይወርዳል ብንል ከፍተኛው የአየር ዋት የሁለቱ ብዜት ሩብ ነው። የመጀመሪያው 12 ዋት ይሰጣል፤ ሁለተኛው 15። «ደካማው» በለጠ። (የባልደረቦቼን ተግሣጽ ስለምፈራ ልጨምር፦ የእውነተኛ ማራገቢያ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይጎብጣል። ድምዳሜው ግን አይለወጥም።)

መካሪያችን እዚህ ላይ «ምንጣፍስ?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወፍራም ጭማቂ ለመሳብ ከቀጭኑ የበለጠ ጉልበት ያስፈልጋል። ጸጉሩ ረጅም የሆነ ምንጣፍም አየርን ያፍናል፤ እዚያ ላይ ግፊት ዋጋ አለው። ቤታችሁ በወፍራም ምንጣፍ የተሞላ ከሆነ ዝቅተኛ ፓስካል ያለውን በጥንቃቄ እዩት። ሴራሚክ፣ እንጨት ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ግን አቧራው ከላይ ተኝቷል። እሱን ለማንሳት የአየሩ ፍጥነት ነው የሚፈለገው እንጂ የታፈነ ግፊት አይደለም።

ምንጣፍም ላይ ቢሆን ብሩሹን መርሳት ግፍ ነው። ከሥር የሚሽከረከረው ብሩሽ ቃጫውን እየመታ ቆሻሻውን ካላስለቀቀ አየሩ ብቻውን ከሥር አያወጣውም። ብሩሹ ያለበት ክፍል ከወለሉ ምን ያህል ይርቃል የሚለውም ወሳኝ ነው። የስትሮው ጫፍ ከጭማቂው በላይ ከቀረ የፈለጋችሁትን ያህል ሳቡ፤ የምትጠጡት አየር ነው። የስትሮው ጎን ከተሰነጠቀም እንደዚያው። የአቧራ ሳጥኑ ክዳን በደንብ ካልገጠመ አየሩ በአቋራጭ ይገባል፤ ወለሉ ባለበት ይቀራል።

አሁንም ስትሮውን አልለቅም፤ አንድ ነገር ቀርቶታል። የፍሬ ቁራጭ ስትሮው ውስጥ ሲወተፍ ጭማቂው መምጣቱን ይተዋል። ፊልተር በአቧራ ሲደፈን የሚሆነው ይሄ ነው። ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ፊልተሩ ክፉኛ የቆሸሸ ሮቦት አፉን ደፍናችሁ ብትለኩት ፓስካሉ ከአዲሱ ብዙም አይለይም። አየር ካልተንቀሳቀሰ ፊልተሩ ምንም አይቀንስምና። ፍሰቱ ሞቶ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። መሥራት ያቆመ ዕቃ ጤነኛ ነው የሚል ቁጥር ይዞ «ይሄ ብቻ ይበቃል» ማለት ምን ይባላል?

ባትሪውን ደግሞ እንይ። ብዙ ሮቦቶች 14.4 ቮልትና 5,200 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ አላቸው። ሲባዛ 75 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሳጥኑ 150 ደቂቃ ይሠራል ካለ በአማካይ 30 ዋት ነው የሚደርሰው። ከዚህ ላይ ጎማው፣ ብሩሹ፣ ካርታ የሚያነሳው መሣሪያና ኮምፒውተሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለማራገቢያው የሚተርፈውን ገምቱት። ስለዚህ ትልቁ ፓስካልና ረጅሙ ደቂቃ አንድ ሳጥን ላይ ቢታተሙም አንድ ላይ አይገኙም። ደቂቃው የጸጥተኛው ሁነታ ነው፤ ፓስካሉ የከፍተኛው።

እንዲህ ያለ የቁጥር ፉክክር አዲስ አይደለም። ለተራው ቫኪዩም ክሊነር ዋት ነበር የሚቆጠረው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ከ1,600 ዋት በላይ የሚወስዱትን ከገበያ አስወጣ፤ በ2017 ጣሪያውን ወደ 900 አወረደው። ዋት ከሶኬት የሚበላው ነው፤ የሚያጸዳው ሌላ ነው። ያ ደንብ ሮቦቶችን አይነካም ነበር። እነሱ በፓስካል መወዳደሩን ቀጠሉ።

ማየት ከቻላችሁ የምትፈልጉት ቁጥር የተለየ ነው፦ የታወቀ መጠን ያለው አቧራ ወለልና ምንጣፍ ላይ ተበትኖ ሮቦቱ ከመቶ ስንቱን ሰበሰበ? ለዚህ ዓለም አቀፍ የመለኪያ ደረጃ አለ፤ አይኢሲ 62885-7 ይባላል። ሁለት ሮቦቶችን በአንድ ዓይነት አቧራና በአንድ ዓይነት ምንጣፍ ያወዳደረ ገለልተኛ ፍተሻ ካገኛችሁ ሳጥኑን አስቀምጡትና እሱን አንብቡ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል? በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ ለአቅጣጫ ማወቂያው ክፈሉ። ካርታ የማያነሳ ሮቦት እንደመጣለት ይዞራል፤ አንዱን ጥግ አምስት ጊዜ ጠርጎ ሌላውን ይረሳል። ያልሄደበትን ቦታ 20,000 ፓስካልም አያጸዳውም። በላይዳር፣ ማለትም ሌዘር እየላከ ርቀት በሚለካ መሣሪያ፣ ካርታ የሚያነሳው በጨለማም ይሠራል፤ በካሜራ ብቻ የሚመራው ብርሃን ይፈልጋል። ግን ይህንንም ሰዎች ያምታቱታል። አናቱ ላይ ያለው ላይዳር የሚያየው በራሱ ቁመት ያለውን ነው፤ ከወለሉ አሥር ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ። መሬት ላይ የተዘረጋ የስልክ ቻርጀር ገመድ አይታየውም። ገመድና ካልሲ የሚያይለት ከፊት የሚገጠም ሌላ መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም ለብቻ ነው። ወለሉ ላይ የወደቀውን ራሳችሁ የምታነሱ ከሆነ ያንን ብር አስቀሩት።

ቀጥሎ ብሩሽ። ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ወይም ድመት ካለ የጎማ ብሩሽ ላይ ፀጉሩ ከጸጉራሙ ብሩሽ ያነሰ ይጠመጠማል። ከዚያ በኋላ ብቻ መወልወያው ይመጣል።

መወልወያ ፓስካል የለውም። ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም «12,000 ፓስካል ስለሆነ ጥሩ ይወለውላል» የሚልም አንብቤያለሁ። የደረቀ ቆሻሻ የሚለቀው በውሃ፣ በጊዜና ጨርቁ ወለሉን በሚጫነው ጉልበት ነው። ርካሾቹ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጎትታሉ። ያ ስስ አቧራ ይወስዳል፤ የደረቀ ቡና ግን ፈገግ ብሎ ያሳልፈዋል። የሚሽከረከሩ ሁለት ክብ ጨርቆች ወይም ራሱን እያጠበ የሚንከባለል ጥቅልል ያለው ይሻላል። ምንጣፍ ካላችሁ ጨርቁን ወደ ላይ የሚያነሳ መሆኑን ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የወፈረ ምንጣፍ ይረጥባል። በጀቱ ጨርቅ ከሚጎትተው ካላለፈ ያለ መወልወያ የሚሸጠውን ጥሩ ሮቦት ገዝታችሁ ወለሉን በእጅ ወልውሉት ባይ ነኝ።

ማረፊያው፣ ማለትም አቧራውን የሚያራግፈው፣ ጨርቁን የሚያጥበውና በሙቅ አየር የሚያደርቀው ግዙፍ ሳጥን፣ ምቾት ነው። ጽዳቱን ብዙም አያሻሽልም፤ የእናንተን ሥራ ይቀንሳል። ገንዘቡ ካለ ደስ ይላል። ከሌለ የሮቦቱን የአቧራ ሳጥን ራሳችሁ ታራግፋላችሁ፤ እርጥብ ጨርቁን አውልቃችሁ ታጥባላችሁ። አለበለዚያ ይሸታል።

ስንት ፓስካል ይበቃል ለሚለው፣ ጠንካራ ወለል ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 የሚሆን፣ ጥሩ ብሩሽና ጥሩ ካርታ ያለው ሮቦት አላፍርበትም። ምንጣፍ ካለ ከፍ በሉ። ከዚያ በላይ ያለውን ልዩነት ዋጋው እኩል ከሆነ ውሰዱት፤ ለብቻው ግን አትክፈሉበት።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ማራገቢያ በአንድ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር ይወርዳል። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ሰዎች የሳጥኑን ቁጥር ያን ያህል ቀንሱለት። መካሪያችን 10,000 ሲል በየትኛው ከፍታ እንደሆነ አልነገረንም።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ፊልተር፣ የጎን ብሩሽ፣ ጨርቅና ባትሪ ለብቻቸው እንደሚሸጡና ዋጋቸውን ጠይቁ። ፊልተሩ የሚታጠብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት፤ እርጥብ ፊልተር ላይ አቧራ ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፍ አየር አይኖርም።