የማይስማማንን ምግብ መተው፣ የተተወውንም መተካት

ሁለት ሰዎች ወተት ጠጡ እንበል። አንደኛው ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮህበታል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል። ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ ያብጣል፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለቱም ወተት እንደማይስማማቸው ይናገራሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ሰው ችግር ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም ማነስ ነው። ያስቸግረዋል እንጂ ለሕይወቱ አያሰጋውም። ላክቶስ የወጣለት ወተት መጠጣት ይችላል። ብዙ ጊዜ እርጎና የቆየ አይብም ይቀበለዋል። የሁለተኛው ግን አለርጂ ነው። የሰውነቱ መከላከያ የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትበታል። ላክቶስ በወጣለት ወተት ውስጥ ደግሞ ፕሮቲኑ እንዳለ ነው። ስለዚህ ለአንዱ መፍትሔ የሆነው ወተት ሌላውን ሆስፒታል ሊያስገባው ይችላል። አመጋገብን ከማስተካከል በፊት ችግሩን በትክክል ማወቅ ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

የአለርጂ ምሥጢር የተፈታው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሃይንትስ ኩስትነር የተባለ ሐኪም የተቀቀለ ዓሣ አይስማማውም ነበር። ባልደረባው ካርል ፕራውስኒትዝ የኩስትነርን የደም ውሃ በራሱ ሆድ ቆዳ ሥር ወጋ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ሲወጋ ቆዳው ተቆጥቶ አበጠ። በኩስትነር ደም ውስጥ አለርጂውን የሚሸከም ነገር እንዳለ በዚህ ታወቀ። ያ ነገር በ1960ዎቹ አይ ጂ ኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በቆዳና በደም ምርመራ የሚፈለገው እሱው ነው። ሆኖም ምርመራው ብቻውን አይበቃም። አይ ጂ ኢ በደሙ ተገኝቶበት ምግቡን ያለ ምንም ችግር የሚበላ ሰው ብዙ ነው። ውጤቱ ከሰውየው ታሪክ ጋር ካልተነበበ በከንቱ መራብ ይመጣል። አይ ጂ ጂ የሚባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል እየለኩ ረጅም የክልከላ ዝርዝር የሚያድሉ ምርመራዎችን ደግሞ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይመክሩም። የሚያሳዩት በአብዛኛው ምግቡን መብላታችንን ነው።

አለርጂው ከተረጋገጠ በኋላ ትልቁ ሥራ የማሸጊያ ጽሑፍ ማንበብ ነው። አሜሪካ 9፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 14 የአለርጂ መነሻዎች ማሸጊያ ላይ እንዲገለጹ በሕግ ያስገድዳሉ። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አሉ። ወተት በሌላ ስም ሊጻፍ እንደሚችል ልብ ይበሉ። ኬዚንም ዌይም የወተት ፕሮቲኖች ናቸው። ጽሑፉ ደህና ቢሆን እንኳ ወጥ ቤቱ ሊያስቸግር ይችላል። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ድንች ቢጠበስበት ድንቹ ለዓሣ አለርጂ ላለበት ሰው አይሆንም። ዘይቱ ስለፈላ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው አድሬናሊን መርፌ ከእጁ ባይለይ ይመረጣል። ጉሮሮ ሲያብጥ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ቀዳሚው ሕክምና እሱ ነው። የማሳከክ ማስታገሻ ክኒን አይተካውም።

ሴሊያክ ሌላ ነገር ነው። አለርጂ ሳይሆን በግሉተን የሚቀሰቀስ፣ ሰውነት የራሱን ትንሹ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ አለ። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲከ ቀድሞም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና 45 የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ታማሚ ልጆቹ ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ግኝቱን በ1950 አሳተመ። የዛሬው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከግሉተን ነጻ የሚለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለበትን ምግብ ነው። ቅቤ ማሰሮ ውስጥ የገባ የዳቦ ፍርፋሪ ከዚህ መጠን ሊያሳልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ለሕመምተኛው የራሱ ቅቤና የራሱ ቢላዋ ይለይለት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሴሊያክ የጠረጠረ ሰው ሳይመረመር ስንዴ አይተው። ካቆመ አንጀቱ ማገገም ይጀምራል፣ ምርመራውም በሽታው የለም ሊል ይችላል።

ሌሎች በሽታዎችም የየራሳቸው ልክ አላቸው። ለደም ግፊት ዋናው ጨው መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንዳንዱ ታዲያ የጨው ምትክ ይገዛል። አብዛኛው ምትክ ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፖታሲየም በደም ተከማችቶ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ምንም ማለቱን ነው መተው ያለበት። በቅጠላ ቅጠል ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳልና። ስኳርና ኩላሊት ባንድ ላይ ያለበት ሰው ጉዳይ የበለጠ ከባድ ነው። ለስኳሩ የሚመከረው ባቄላና ምስር ለኩላሊቱ ፖታሲየም ሊያበዛበት ይችላል። እንዲህ ያለውን የሥነ ምግብ ባለሙያ ቢያቅድለት ይሻላል።

የተተወው ምግብ ይሰጥ የነበረውስ ከየት ይምጣ? በብዛት የሚዘነጋው ይህ ነው። ወተት የተከለከለ ልጅ ካልሲየም፣ ፕሮቲንና ጉልበት ያጣል። የሩዝ መጠጥ ነጭ ቢሆንም ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ነው። ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ፣ አኩሪ አተር ለሚስማማው ልጅ፣ ይሻላል። የልጁን ክብደትና ቁመት እየለኩ መከታተልም ግድ ነው።

ክልከላ ሁልጊዜ የዕድሜ ልክ አይደለም። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። የኦቾሎኒና የዓሣ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ በየጊዜው እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፣ እቤት ውስጥ ግን አይሞከርም። ሐኪም ባለበት ልጁ ከምግቡ እጅግ ትንሽ ይሰጠዋል። ይጠበቃል። ምንም ካልታየ ትንሽ ይጨመርለታል፣ እንዲህ እያለ እስከ ሙሉ ድርሻ ይደርሳል። ከዚያም ለተወሰነ ሰዓት እዚያው ይቆያል። ፈተናውን ካለፈ ምግቡን እቤት በየጊዜው እንዲበላ ይመከራል።