ነጻ የተባለ ብስክሌተኛ በሕዝብ ዓይን

አንድ ታዋቂ ብስክሌተኛ በአበረታች ቅመም ተጠርጥሮ ወራት ከቆየ በኋላ «ጥፋት አልተገኘበትም» ሲባል የሚመለከተው አካል መዝገቡን ይዘጋል፤ ሕዝቡ ግን አይዘጋውም። በጎዳና ብስክሌት ውድድር ታሪክ ይህ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ደጋፊው በደስታ ይጮኻል፣ ተቃዋሚው ያፏጫል፣ ጋዜጠኛው የውሳኔውን ምክንያት ያነፈንፋል፣ አብሮት የሚወዳደረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝምታን ይመርጣል። የታወቁትን ጉዳዮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የሚታየው፣ ሕዝብ የሚቆጣውም ሆነ የሚረጋጋው ከውሳኔው ይልቅ ውሳኔው በመጣበት መንገድ መሆኑ ነው። ወሬው ከማን አፍ ወጣ? ስንት ጊዜ ፈጀ? ምክንያቱ ተገለጸ ወይስ ተዳፈነ? ፈራጁስ የማን አገር ሰው ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥርጣሬ የሚወጣባቸው በሮች ብዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት (ዩሲአይ) ራሱ ጉዳዩን ሊተወው ይችላል፤ የብስክሌተኛው አገር ፌዴሬሽን ወይም ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ነገሩ ከገፋም ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ የሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም (ዋዳ) በበታች አካላት ውሳኔ ላይ ይግባኝ የማለት መብት አለው። ስለዚህ «ነጻ ወጣ» የሚለው ዜና ሲሰማ ክርክሩ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ብዙ ከተጻፈባቸው ጉዳዮች አንዱ የእንግሊዛዊው ክሪስ ፍሩም ነው። ፍሩም ቩኤልታ ኤ ኢስፓኛ የተባለውን የስፔን የሦስት ሳምንት ውድድር በ2017 ባሸነፈበት ጊዜ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን በሰጠው ሽንት ውስጥ ሳልቡታሞል ከተፈቀደው በላይ ተገኘበት። ሳልቡታሞል የአስም ሕመምተኞች በአፍ የሚስቡት መድኃኒት ነው፤ መውሰዱ አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ተወስኗል። በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት የተቀመጠው ገደብ 1000 ናኖግራም ሲሆን የእሱ 2000 ሆነ። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ጉዳይ ተጣርቶ እስኪያልቅ በምስጢር ይያዛል፤ ተወዳዳሪውም ወዲያው አይታገድም። ምስጢሩ ግን ዲሴምበር 13 ቀን በሌ ሞንድ እና በጋርዲያን ጋዜጦች አማካይነት አደባባይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁጣ መልኩን ቀየረ። የመድኃኒቱ መጠን ቀርቶ መደበቁ መነጋገሪያ ሆነ። ጀርመናዊው ተወዳዳሪ ቶኒ ማርቲን ለፍሩም የተለየ ሚዛን ተበጅቶለታል ሲል በግልጽ ተናገረ። ደጋፊዎችም የቆዩ ፍርዶችን እየመዘዙ ያነጻጽሩ ጀመር። ጣሊያናዊው ዲዬጎ ኡሊሲ በ2014 በ1900 ናኖግራም ዘጠኝ ወር ታግዷል። ያገሩ ልጅ አሌሳንድሮ ፔታኪ ደግሞ በ2007 ከ1300 በላይ ተገኝቶበት በፌዴሬሽኑ ነጻ ቢባልም፣ ግልግል ፍርድ ቤቱ ኋላ አስር ወር ቀጥቶታል። ፍሩም ግን መወዳደሩን ቀጥሎ በሜይ 2018 የጣሊያኑን ትልቅ ውድድር፣ ጂሮ ዲ ኢታሊያን፣ አሸነፈ። የፈረንሳዩን ትልቅ ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ አምስት ጊዜ የወሰደው በርናር ኢኖ ፍሩም ቱሩ ላይ ከተሰለፈ ሌሎቹ አድማ ይምቱ እስከ ማለት ደረሰ። የቱሩ አዘጋጆች ሊያግዱት መወሰናቸው ጁላይ 1 ቀን ተሰማ። በማግስቱ ዩሲአይ መዝገቡን መዝጋቱን አስታወቀ፤ ውድድሩ ሊጀመር የቀሩት አምስት ቀናት ብቻ ነበሩ።

በሳይንስ በኩል ምክንያት አልጠፋም። የሽንቱ ውፍረት ሲታሰብ መጠኑ ወደ 1429 ዝቅ ይላል። በተለምዶ እንዲህ ያለ ተወዳዳሪ በቤተ ሙከራ ያንኑ መድኃኒት በተፈቀደው መጠን ወስዶ ተመሳሳይ ውጤት እንዲያሳይ ይጠየቃል። የሦስት ሳምንት ውድድር ያደከመውን ሰውነት፣ የፈሳሽ እጥረቱንና ለቀናት ተደጋግሞ የተወሰደውን መድኃኒት ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ መድገም አይቻልም ሲል ዋዳ ተቀበለ፤ ይግባኝም እንደማይል አሳወቀ። ሙሉው የውሳኔ ሰነድ ግን ለሕዝብ አልወጣም። አስር ወር ገደማ የፈጀ ምርመራ በዋዜማው ተቋጭቶ ዝርዝሩ ሳይታይ «አምነን እንቀበል» ቢባል ማን ይቀበላል? በእኔ እይታ በዚያ በጋ ፍሩም ላይ የደረሰውን ግማሹን ያመጣው ይህ አሠራር ነው።

ምን እንደደረሰበት ለመረዳት የስፖርቱን ሜዳ ማሰብ ያስፈልጋል። የጎዳና ብስክሌት ስታዲየም የለውም፤ ተመልካቹ ትኬት አይቆርጥም፤ በዳገቶቹ ላይ በተመልካቹና በተወዳዳሪው መካከል አብዛኛውን ቦታ አጥር የለም። 21 ጠመዝማዛዎች ያሉትና 13.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአልፕ ዱዌዝ ዳገት ሰው በሰው ላይ የሚቆምበት ነው። ብስክሌተኛው ፍጥነቱ ቀንሶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ የአንድ ሰው ትከሻ በማያሳልፍ ክፍተት ውስጥ ይሾልካል። ስታዲየም ውስጥ ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት እዚህ ጆሮ ሥር ነው፤ የተቆጣ እጅም ይደርሳል። በ2018 ፍሩምን በቡድኖች ትውውቅ ሥነ ሥርዓት ላይ በፉጨትና በጩኸት ተቀበሉት፤ በአልፕ ዱዌዝ የጭስ ችቦ ተለኮሰ፣ አንድ ተመልካችም ሲያልፍ ትከሻውን መታው። የቡድን ጓደኛው ጌራይንት ቶማስ አንድም ጉዳይ ሳይኖርበት የዚያን ቀን ድሉን ሲያከብር መድረክ ላይ ተጮኸበት። የቡድኑ ኃላፊ ዴቭ ብሬልስፎርድ ምራቅ መትፋት የፈረንሳዮች ባህል ይመስላል የሚል ይዘት ያለው አስተያየት መስጠቱ ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን መጨመር ነበር። ፍሩም ራሱ ለፈረንሳይ ሕዝብ በሌ ሞንድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ቱሩንም ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቶማስ አሸነፈ።

ሕዝብ ፍሩምን ያስጨነቀው በሰው አገር ሲወዳደር ነው። ስፔናዊው አልቤርቶ ኮንታዶር ግን ያገሩ ሰዎች ደረታቸውን የሰጡለት ሰው ነበር። በ2010 ቱር የእረፍት ቀን፣ ጁላይ 21፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንቱ ውስጥ 50 ፒኮግራም (ፒኮግራም የናኖግራም አንድ ሺኛ ነው) ክሌንቡቴሮል ተገኘ። ኮንታዶር ከስፔን የመጣ ሥጋ በልቼ ነው አለ። ክሌንቡቴሮል ከብት ለማፋፋት በሕገ ወጥ መንገድ የሚሰጥ መድኃኒት በመሆኑ ማስተባበያው ከመሬት የወደቀ አልነበረም። የስፔን ፌዴሬሽን መጀመሪያ የአንድ ዓመት እገዳ አስቦ፣ በፌብሩዋሪ 2011 ነጻ አለው። ከውሳኔው በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ሳፓቴሮ ሳይቀሩ ኮንታዶርን ለመቅጣት ሕጋዊ ምክንያት የለም ብለው ነበር። ይህ በስፔን እንደ ወገንተኛነት ሳይሆን እንደ ፍትሕ ታየ፤ ከድንበር ማዶ ግን በተቃራኒው። በዚያው ዓመት በጋ በፈረንሳይ በፑይ ዱ ፉ የቱሩ ትውውቅ ላይ ሕዝቡ ጮኸበት። ዩሲአይና ዋዳ ይግባኝ ብለው በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2012 ግልግል ፍርድ ቤቱ የሁለት ዓመት እገዳ ፈረደበት፤ የ2010 ቱርንና የ2011 ጂሮን ተነጠቀ። የሚገርመው፣ ዳኞቹ የሥጋውን ታሪክም፣ ቅመሙ የገባው የራሱን ደም አስቀምጦ መልሶ ሲወስድ ነው የሚለውን ጥርጣሬም ትተው፣ ቅመሙ በተበከለ ተጨማሪ ምግብ ገባ የሚለውን ይበልጥ የሚመስል አድርገው ወሰዱት። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን የአሻንጉሊት ፌዝ ትርኢት በዚህ ሰበብ በስፔን አትሌቶች ላይ ሲያላግጥ ጉዳዩ ከስፖርት አልፎ ዲፕሎማሲያዊ ቅያሜ ሆነ።

ከዚህ ቀደም የሆነውን ለማስታወስ ያህል፣ በ1988 ቱር የመሪነቱን ቢጫ መለያ የለበሰው ስፔናዊ ፔድሮ ዴልጋዶ፣ ሌሎች ቅመሞችን ከምርመራ ሊሰውር የሚችል ፕሮቤኔሲድ የተባለ መድኃኒት ሲገኝበት፣ መድኃኒቱ በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዝርዝር ውስጥ እንጂ በዩሲአይ ዝርዝር ውስጥ ገና አልነበረም። ዴልጋዶ አልተቀጣም፣ ቱሩንም አሸነፈ፤ አገሩ በጀግና አቀባበል ተቀበለችው፣ ሌላው በጎሪጥ አየው።

ያው ፕሮቤኔሲድ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካዊውን ዳሪል ኢምፒን አግኝቶታል፤ የዚህኛው ፍጻሜ ግን የተለየ ነበር። ኢምፒ በ2014 የተከሰሰበት ቅመም ከመድኃኒት ቤት ከገዛቸው ባዶ የጄላቲን እንክብሎች መምጣቱን አስረዳ። እንክብሎቹን ቆጥሮ የሰጠው ፋርማሲስት ቀደም ብሎ ለሌላ ደንበኛ ፕሮቤኔሲድ ቆጥሮ ነበር። የአገሩ ችሎት በኦገስት ነጻ አለው። ታሪኩ አጭርና ተጨባጭ ስለሆነ ሰው ሊከተለው ይችላል፤ ጫጫታውም ብዙ አልዘለቀም። ቱሩ ግን አምልጦታል፤ ይህን የሚመልስ ውሳኔ የለም።

አውስትራሊያዊው ማይክል ሮጀርስም ከዚህ ወገን ነው። በኦክቶበር 2013 ከቤጂንግ ውድድር በቀጥታ ወደ ጃፓን ሄዶ ክሌንቡቴሮል ተገኘበት። በቻይና ሥጋ በዚህ ቅመም መበከሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር፣ ዩሲአይ በኤፕሪል 2014 ተጨማሪ ቅጣት ሳይጥል ከጃፓኑ ውጤት ብቻ ሰረዘው። ከወር በኋላ በጂሮ ሁለት ዕለታዊ ውድድሮችን አሸነፈ፤ በጁላይ በቱሩ ባኜር-ደ-ሉሾን ላይ ብቻውን ደርሶ መስመሩን ሲያልፍ ለተመልካቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ያ ሰው ከጥቂት ወራት በፊት የተጠረጠረ ነው ብሎ ያነሳ ብዙ አልነበረም።

የባዮሎጂያዊ ፓስፖርት (የተወዳዳሪው የደም መረጃ በየጊዜው የሚመዘገብበትና ያልተለመደ ለውጥ የሚታይበት መዝገብ) ጉዳዮች ይበልጥ ይከብዳሉ፤ ተጨባጭ ነገር ስለሌላቸው ክርክሩ የደም ቁጥሮች ላይ ይወድቃል። ቼኩ ሮማን ክሮይዚገር በአገሩ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ችሎት በሴፕቴምበር 2014 ነጻ ተባለ፤ የደም መረጃውንም ራሱ ለሕዝብ አወጣው። ዩሲአይና ዋዳ ይግባኝ ብለው በጁን 2015፣ ችሎቱ ሊቀመጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ተዉት። በከፍታ ቦታ ተወልዶ ያደገው ኮሎምቢያዊ ሰርሂዮ ኤናኦን ደግሞ ቡድኑ ራሱ ከውድድር አቁሞ የሰው ልጅ ደም በከፍታ ላይ የሚያሳየውን ለውጥ በባለሙያ አስጠናለት። ደጋፊ የደም ሠንጠረዥ አያነብም፤ ሰነዱ መቅረቡ ግን የሐሜትን አፍ በመጠኑ ይይዛል።

ሴቶቹ ዘንድ ቁጣው ከራሳቸው ከተወዳዳሪዎቹ መጣ። የ2015 የዓለም ሻምፒዮን እንግሊዛዊቷ ሊዚ አርሚትስቴድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ምርመራ አምልጧታል ተብላ፣ ከሪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ቀደም ብሎ ግልግል ፍርድ ቤቱ አንዱን ሰረዘላት፤ መርማሪው ሆቴል ድረስ መጥቶ እሷን ለማግኘት በቂ ጥረት አላደረገም በሚል። ዜናው የተሰማው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ብቻውን በቂ ነበር፤ ተፎካካሪዎቿ ጣት ቀሰሩባት። ሪዮ ላይ አምስተኛ ወጣች።

ይህ ሁሉ አለመተማመን ከባዶ አልመጣም። በ2006 በዩሲአይ ትእዛዝ የተጻፈ ሪፖርት አሜሪካዊውን ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግን በ1999 በተወሰዱ የሽንት ናሙናዎች ጉዳይ ነጻ ብሎት ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2012 የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ ምርመራቸውን ያለ ክስ አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት ሰባቱንም የቱር ድሎቹን ተነጠቀ፤ በጃንዋሪ 2013 ደግሞ በቴሌቪዥን አመነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ንጹሕ ሰው ሁሉ የአርምስትሮንግን ዕዳ ይከፍላል። የእንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ብራድሊ ዊጊንስ ጉዳይም የዚህ ቅጥያ ነው፤ በ2011 ለቡድኑ የተላከ ምንነቱ ያልተረጋገጠ ጥቅል ሲመረመር ቆይቶ በኖቬምበር 2017 ያለ ክስ ተዘጋ፤ የተሟላ የሕክምና መዝገብ ባለመኖሩ ግን ነጻ መባሉ ለማንም እፎይታ አልሆነም።

ደንቡም ከእነዚህ ጉዳዮች በኋላ እየተስተካከለ ነው። ከ2019 ጀምሮ ዋዳ በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ናኖግራም የማይበልጥ ክሌንቡቴሮል ሲገኝ፣ ቤተ ሙከራው እንደ ጥፋት ሳይሆን አስቀድሞ መጣራት እንዳለበት ግኝት እንዲያሳውቅ አድርጓል፤ የተበከለ ሥጋ መሆኑ ከታመነበትም ጉዳዩ ስሙ ሳይነሳ ሊያበቃ ይችላል። የኮንታዶር 50 ፒኮግራም የዚህ ገደብ አንድ መቶኛ ነው።