የተወላገደ ጥርስ በዘር ይወረሳል?

ልጅ ጥርሱ ተወላግዶ ሲወጣ ቤተሰብ ወዲያው ከማን እንደወረሰው ይፈልጋል። «የአባቱን ነው የያዘው» ይባላል፤ ወይ የአክስቱ ስም ይነሳል። ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው። ግን ዘር የሚበረታው ጥርሱን በተሸከመው አጥንት ላይ ነው። የመንጋጭላ መጠን፣ የአገጭ ቅርጽ፣ የፊት ርዝመት በአብዛኛው ከወላጅ ይመጣል። በጥርሶች መደራረብና መጣመም ላይ ግን አመጋገብ፣ በአፍ መተንፈስ፣ ጣት መጥባት፣ ያለጊዜው የተነቀለ የወተት ጥርስ ሁሉ እጃቸውን ያስገባሉ።

የዘር ጉልበት በግልጽ የሚታየው የታችኛው መንጋጭላ ወደ ፊት ሲወጣ ነው። ለዚህ ምስክሩ አውሮፓን ለዘመናት የገዛው የሐብስበርግ ቤተሰብ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ አፉ በደንብ አይገጥምለትም ነበር፤ ማኘክም ይቸግረው ነበር። የስፔኑ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ደግሞ ባሰ። አባቱ ያገባው የገዛ እህቱን ልጅ ነው። ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1661 ተወለደ፣ በ1700 ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ የቤተሰቡ የስፔን ሐረግም በእሱ አበቃ። በ2019 የወጣ ጥናት የ15 የቤተሰቡን አባላት 66 ሥዕሎች ሰብስቦ ለ10 የመንጋጭላ ቀዶ ሐኪሞች አሳየ። ሐኪሞቹ አገጩ ምን ያህል እንደወጣ ነጥብ ሰጡ። የወላጆቹ የሥጋ ዝምድና በጠበቀ ቁጥር የልጁ አገጭ ይበልጥ ወጥቶ ተገኘ። እኛ ዘንድ ሊጋቡ ላሰቡ ሰዎች ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሐብስበርጎች ግን ዘውድና ርስት ከቤት እንዳይወጣ ብለው ትውልድ በትውልድ እርስ በርስ ተጋቡ።

የዝምድና ጋብቻ በሌለበትም ይህ አገጭ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። የሕክምናው ፈተና ጊዜው ነው። ልጁ ትንሽ እያለ፣ በግምት እስከ 10 ዓመቱ፣ የላይኛውን መንጋጭላ ወደ ፊት የሚስብ ፊት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይረዳዋል። የታችኛው መንጋጭላ ግን በተለይ ወንዶች ላይ እስከ ጉርምስና መጨረሻ ያድጋል። በ9 ዓመት የተስተካከለ አነካከስ በ17 ዓመት ተመልሶ ሊበላሽ ይችላል። አባቱ ወይም አጎቱ አገጩ የወጣ ልጅ ሲመጣ፣ እድገቱ ካበቃ በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ለወላጆች ከመጀመሪያው መነገር አለበት። ይህ ሳይነገረው ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ፣ የታሰረለት ልጅ ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ ቤተሰቡም ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ጥርስ ጭራሽ ሳይበቅል መቅረቱም ከዘር ጋር የጠበቀ ነው። መጨረሻ ላይ ከሚወጡት መንጋጋዎች፣ ዊዝደም ከሚባሉት፣ ከ4 ወይም ከ5 ሰው አንዱ ቢያንስ አንዱን አያበቅልም። ከዚህ ችግር ጋር ኤምኤስኤክስ1 የተባለው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ1996፣ ፓክስ9 ደግሞ በ2000 ተያይዘዋል። በ2004 በአንድ የፊንላንድ ቤተሰብ ውስጥ የአክሲን2 ለውጥ ሲገኝ ነገሩ ከጥርስ አለፈ። ብዙ ጥርስ ያልበቀለላቸው የቤተሰቡ አባላት ለትልቁ አንጀት ካንሰርም የተጋለጡ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ጥርስ የጎደለው ሰው ቤተሰቡ ውስጥ የአንጀት ካንሰር እንዳለ ቢጠየቅ አይገረም።

ኢትዮጵያዊ ልጅ ላይ ክራንቻ ሲጎድል ግን ወዲያው ወደ ዘር መሮጥ ያሳስታል። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል ተብሎ የጨቅላው ድድ ተበጥቶ፣ ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ የሚነቀልበት ጎጂ ልማድ አለ። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አብሮ ሊጎዳ፣ አንዳንዴም አብሮ ሊወጣ ይችላል። በእስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ ይህንኑ መዝግበዋል። እናትን በአክብሮት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከየትኛውም ላብራቶሪ ይቀድማል።

ፍንጭትም በቤተሰብ ይሄዳል። እኛ አገር ውበት ነው። ችግር ካላመጣ ይዘጋ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ዘር ሕክምናውን እንዳለ ሲለውጥ የሚታየው ፒቲኤች1አር በተባለው ዘረ መል ነው። ከጥርስ ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ይህ ዘረ መል ሲበላሽ የኋላ መንጋጋዎች መውጣት ይጀምሩና መንገድ ላይ ይቆማሉ። የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ አጥንቱም ተከፍቶላቸዋል፤ ግን አይመጡም። ሰውየው ጥርሱን ሲገጥም በጎን በኩል ክፍተት ይቀራል። ሐኪሙ በሽቦ ልሳባቸው ሲል ጥርሶቹ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃሉ። ያኔ ሽቦው እነሱን ማምጣት ያቅተውና ጤነኛ ጎረቤቶቻቸውን ወደነሱ ይጎትታል። ክፍተቱ ይብሳል። ስለዚህ የዘር ምርመራው ለውጡን ካረጋገጠ እነዚያን ጥርሶች በሽቦ መሳብ ይቀራል።

«ትልቅ ጥርስ ከአባቱ፣ ትንሽ መንጋጭላ ከእናቱ ወረሰ» የሚለው ማብራሪያ ዛሬም ይሰማል። ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1941 የታተመው የቻርልስ ስቶካርድ ውሻ የማዳቀል ሥራ ነበር። የተለያየ ዝርያ ያላቸውን ውሾች ሲያዳቅል መንጋጭላቸው የማይገጣጠም ቡችሎች ተወለዱ። ኋላ እንደታወቀው፣ ብዙ ትናንሽ የውሻ ዝርያዎች የአጥንት እድገትን የሚገታ ዘረ መል ይዘዋል፤ የቡችሎቹ መንጋጭላ አለመገጣጠም በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። ሰው ላይ እንዲህ አይሠራም። ሃዋይ ውስጥ ከተለያየ ዘር በተወለዱ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናትም መደባለቁ የአነካከስ ችግርን እንዳላባባሰ አሳይቷል።

መደራረቡን በተመለከተ የጥንት ሰዎች የራስ ቅል ብዙ ይናገራል። ችግሩ የበዛው ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። ዘር እንዲህ በፍጥነት አይለወጥም። ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት ለስላሳውን ምግብ ነው፤ ጠንከር ያለ ነገር ማኘክ የልጅን መንጋጭላ ያሳድጋል ባዮች ናቸው። አሜሪካዊው ሮበርት ኮሩቺኒ በሰሜን ሕንድ የገጠርና የከተማ ወጣቶችን አወዳድሮ ችግሩን ከተማ ውስጥ በዝቶ አገኘው።

«በዘር ከሆነ አይድንም» ማለት ግን ሰውን ከሕክምና ያስቀራል። ጥርስ በዝግታ ሲገፋ በሚሄድበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይሞላል። የተወረሰ መወላገድም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይስተካከላል። ልዩነቱ ዕቅዱ ላይ ነው። ለምሳሌ በብሬስ ጊዜ የጥርስ ሥር ማጠር በአንዳንድ ቤተሰብ ይበረታል፤ ታላቅ እህቷ የጥርሷ ሥር ያጠረባት ልጅ ቀለል ያለ ግፊትና ቶሎ ቶሎ ራጅ ያስፈልጋታል።

ብሬስ የማን ጥርስ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ከደም ወይም ከምራቅ አይቶ የሚናገር አስተማማኝ ምርመራ ገና የለም። የአሜሪካ የጥርስ ማስተካከል ሐኪሞች ማኅበር ልጅ እስከ 7 ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲታይ ይመክራል። ያን ቀን ስትሄዱ የቤተሰቡን የጥርስ ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ። የማን ጥርስ ሳይበቅል ቀረ? የማን አገጭ ከ15 ዓመቱ በኋላ ወጣ? ማን ብሬስ አስሮ ተመለሰበት? አባት በልጅነቱ ከጎን የተነሳው ፎቶ ካለም ለሐኪሙ አሳዩት።