የአሜሪካ የግብር ይግባኝ ቦርድ ምንድን ነው?

የግብር ይግባኝ ቦርድ በአሜሪካ ከ1924 እስከ 1942 በግብር ከፋዩና በአስከፋዩ ቢሮ መካከል የሚነሣን ክርክር ሲዳኝ የኖረ ነፃ አካል ነው። ዛሬ ያለው የግብር ፍርድ ቤት የወጣው ከእሱ ነው። ይዞት የመጣው ትልቅ ነገር ባጭሩ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ተሟገት፣ ክፍያው ከፍርድ በኋላ ይደርሳል። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ያለው የገቢ ግብር በ1913 ሲጀመር የሚነካው ጥቂት ሀብታሞችን ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና በ1918 ከፍተኛው መጣኔ 77 ከመቶ ደረሰ። ክርክሩ ተከመረ። ቅር የተሰኘ ከፋይ አቤቱታውን የሚያሰማው ለዚያው ለአስከፋዩ ቢሮ ኮሚቴ ነው። እዚያ ከተረታ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት መክሰስ ነበረበት። አቅም ያለው ይህን ይችለዋል። ካፒታሉ በሙሉ በዕቃ ላይ የዋለበት ነጋዴ ግን ሙግቱን ሳይጀምር ከገበያ ይወጣል። ከሳሽና ዳኛ አንድ በሆነበት ቤት ፍትሕ አለ ማለት ይከብዳል።

ኮንግረስ በጁን 1924 ባወጣው የግብር ሕግ ቦርዱን አቋቋመ፤ 12 አባላት በጁላይ ወር ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ቻርልስ ሃመል ነበሩ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት መሆኑና ውሳኔው ከነምክንያቱ ታትሞ መውጣቱ ነው። ቀድሞ ቢሮው ለአንዱ የፈቀደውን ለሌላው ቢከለክል ማን ያውቅ ነበር?

ቦርዱ ለማንም እንደማያጎበድድ የታየው በጄምስ ከዝንስ ጉዳይ ነው። ከዝንስ ከፎርድ ኩባንያ የመጀመሪያ ባለአክሲዮኖች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1919 ድርሻቸውን በ29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጡ። ኋላ ሴናተር ሆነው የአስከፋዩን ቢሮ አሠራር የሚመረምር ኮሚቴ ሲመሩ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከአንድሩ ሜለን ጋር ተካረሩ። በ1925 ቢሮው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ግብር ጠየቃቸው።

ሙግቱ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነበር፦ የፎርድ አክሲዮን ማርች 1 ቀን 1913 ስንት ያወጣ ነበር? ግብሩ የሚታሰበው ከዚያ ቀን ወዲህ በተገኘው ትርፍ ላይ ስለሆነ፣ የ1913ቱ ዋጋ ከፍ ሲል ግብሩ ይቀንሳል፤ ዝቅ ሲል ይንራል። ቢሮው መጀመሪያ አንዱን አክሲዮን ወደ 9,500 ዶላር ገምቶ ግብሩን ተቀብሏል፤ ኋላ ግምቱን እጅግ አወረደው። ቦርዱ የሁለቱንም ወገን ምስክሮች ሰምቶ በ1928 ዋጋው 10,000 ዶላር ነው ሲል ወሰነ። በዚህ ስሌት ሴናተሩ ዕዳ ሊኖርባቸው ይቅርና 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተመላሽ አገኙ።

በዚያ ዘመን ከተሾሙት አባላት ይበልጥ የሚስቡኝ አናቤል ማቲውስ ናቸው። የጆርጂያ ተወላጅ ናቸው፤ ሥራቸውም መጀመሪያ አስተማሪነት ነበር። በ1914 በአስከፋዩ ቢሮ ተቀጠሩ፤ ሴቶች በመሠረቱት የዋሽንግተን የሕግ ኮሌጅ ተምረውም የቢሮው የሕግ ባለሙያ ሆኑ። በ1930 ፕሬዚዳንት ሁቨር ሲሾሟቸው በቦርዱ ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የአስከፋዩን ስሌት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ወጥቶ በነፃነት ሲዳኝ፣ ቢሮው በቁጥር ብዛት ሊያደናግረው አይችልም። ማቲውስ እስከ 1936 ሠሩ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሌላ ሴት፣ ማሪዮን ሃሮንን ሾሙ፤ ሃሮንም እስከ 1960 ዳኙ።

በ1942 ቦርዱ የግብር ፍርድ ቤት፣ አባላቱም ዳኞች ተባሉ። ከአስፈጻሚው ክፍል ወጥቶ በሕግ ሙሉ ፍርድ ቤት የሆነው ግን በ1969 ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው ወገናችንም ከአይአርኤስ (ከዛሬው የግብር አስከፋይ ቢሮ) የግብር ጉድለት ማስታወቂያ፣ ማለትም ተጨማሪ ግብር አለብህ የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ሳይከፍል ለግብር ፍርድ ቤቱ አቤት ለማለት 90 ቀን አለው፤ ማስታወቂያው ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው ከተላከ 150 ቀን። ማመልከቻ ማስገቢያው 60 ዶላር ነው። የአንድ ዓመቱ ክርክር ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ያለ ሥርዓት መምረጥ ይቻላል፤ በዚያ የተሰጠ ውሳኔ ግን ይግባኝ የለውም። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ከፍሎ መክሰስ ነው።